የራዲያተር መርፌ

ጥቅምት 6

ይህን ደብተር የሰጠኝ ራዲያተር ነው። ራዲያተር ታላቅ ወንድሜ ነው። እናትና አባታችን ሌላ ስም አውጥተውለታል፣ የእኔ ግን ይበልጥ ይገልጸዋል። ጠዋት ብርድ ካገኘው ማታ ይግላል። ቆዳው ላይ ቀይ ካርታ ይወጣል፣ ዓይኑ በርበሬ ይመስላል፣ ጉልበቱ አልታዘዝ ይለዋል። «ከዘጠነኛ ክፍል ካቋረጥክ ወዲህ ‹ጋዝ ተሞልቷል› ከማለት ሌላ የጻፍከው ነገር የለም፤ እጅህ እንዳይረሳ» ብሎ ሰጠኝ። እሺ ጌታው። ይኸው እጄ አልረሳም፦ ራዲያተር፣ ራዲያተር፣ ራዲያተር።

አባታችን ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ሱቃችን ከፊት፣ ቤታችን ከኋላ፣ በመሃል አንድ በር። የፍሪጅ ጠጋኝ ልጅ ሆኖ ብርድ መፍራት ማለት የአናጢ ልጅ ሆኖ ከእንጨት መሸሽ ማለት ነው። ደንበኞች ሁሉ ይስቁበታል። ማን አስተማራቸው? እኔ።

ጥቅምት 9

ዛሬ በረዶ በአንገትጌው ከተትኩበት። አቤት አዘላለሉ! ፍሪጇን ልትወስድ የመጣች ሴትዮ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። አባዬ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ተው አንተ ልጅ» አለኝ።

ማታ ትኩሳቱ ሠላሳ ዘጠኝ ገባ። እማዬ፣ «በረዶ ነው እንዴ ሰው የሚያተኩሰው? ሥራ ለመሸሽ ነው እንጂ» አለች። እንዲህ እያለች ግን ጨርቅ ስትነክርለት አደረች።

ጥቅምት 12

ጆሮውም እየከዳው ነው። ሁለቴ ሦስቴ ካልጠሩት አይዞርም። እኔ ደግሞ አዲስ ጨዋታ አመጣሁ። ፊት ለፊቱ እቆምና ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ፤ ድምፅ የለም። ዛሬ ገና ስጀምር ፊቱ ዐመድ መሰለ። በሁለት እጁ ጆሮውን ይመታል፣ ጣቱን ይከታል፣ «ደግመህ በል! ደግመህ በል!» ይላል። ደግሜ አልኩለት፣ ያው በከንፈር። ኋላ ሳቄ አመለጠኝና ሳቄን ሲሰማ ገባው። ጫማውን ወረወረብኝ። አልመታኝም። አልሞ አይወረውርም፣ ደግ ነው።

ጥቅምት 15 ማታ

ዛሬ ሁላችንም ሆስፒታል ሄድን። ዶክተሯ ቀጭን ናት፣ ጫማዋ ግን የወታደር ነው። ባለፈው ደሙን ወስዳ ነበርና ውጤቱ መጣ። ወረቀት አወጣችና ክብ ነገር ሣለች።

«ይሄ ሕዋስ ነው። ዘበኛ በሉት። ውስጡ መልእክተኛ ፕሮቲን አለ፣ ግን ገና አልነቃም። ዘበኛው አደጋ ሲሸተው ውስጡ አንድ መቀስ ይነሣል። መቀሱ መልእክተኛውን ይቆርጠዋል፣ ሲቆረጥ ይነቃል። ሌላም ፕሮቲን ይቆርጣል፤ እሱ ቀዳዳ የሚበሳው ነው።»

«ምንድነው የሚበሳው?» አልኳት።

«የገዛ ሕዋሱን ቆዳ። ከውስጥ ወደ ውጭ። መልእክተኛው በዚያ ቀዳዳ ይወጣል።»

«ዘበኛውስ?»

«አንዳንዴ ይተርፋል። ብዙ ጊዜ ይፈነዳል።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ሌባ መጣ ብሎ ለመጮህ የቤቱን ግድግዳ የሚያፈርስ ዘበኛ! አባዬ በክርኑ ጎሸመኝ።

«የዚህ ልጅ ዘበኞች ደግሞ ሌባ ሳይመጣም ያፈርሳሉ» አለች። «ብርድ ሲነካቸው ይበቃቸዋል። አብሮት የተወለደ ነው። መልእክተኛው አንጎል ጋ ሄዶ ‹አሙቅ› ይላል፣ ቆዳውን ያቀላል፣ የውስጥ ጆሮውን ያስቆጣል። ጆሮው አሁን ካልተደረሰለት አይመለስም።»

ራዲያተር አፏን እያየ ነበር። «እና እያስመሰልኩ አልነበረም ማለት ነው?» አላት።

«አልነበረም!» አለችው፣ ጮክ ብላ።

አለቀሰ። ሃያ አራት ዓመት የሞላው ሰው! እማዬ ወደ መስኮቱ ዞረች። አባዬ የኮቱን ቁልፍ ይፈታል፣ መልሶ ይቆልፋል።

መርፌ አለው፤ በየቀኑ አንድ። ቀዳዳውን አይደፍንም። መልእክተኛውን የሚሰሙት ሌሎቹ ሕዋሶች ጆሮ አላቸው አለች፣ መድኃኒቱ ሄዶ እዚያ ጆሮ ላይ እንደ ጥጥ ይቀመጣል። «አንተ እንድትሰማ እነሱን እናደነቁራቸዋለን።» ይቺ ሴትዮ ከእኔ ጋር ብትውል ጥሩ ቀልደኛ ይወጣት ነበር።

መድኃኒቱ ግን ጥቂት ነው፣ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው አለ። እስከ ጥር ይሞከራል። ከሠራ ይቀጥላል፤ ካልሠራ ለሚቀጥለው ሰው ያልፋል።

ነርሷ ሣጥኖቹን ስታመጣ፣ «ለሌላው በየሳምንቱ ነው የምንሰጠው፤ የእኛ ፍሪጅ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። እርስዎ ግን ባለሙያ ነዎት፣ እስከ ጥር ያለውን ሁሉ ይውሰዱት» አለችው አባዬን። አባዬ ደረቱ በሩን ሊዘጋው ምንም አልቀረው። «የኔ እመቤት፣ እኔ ቤት በረዶ ነጋሪ አያስፈልገውም» አላት። ምን ማለቱ እንደሆነ እሱም አያውቅም።

ጥቅምት 17

መርፌው ያቃጥላል። ነርሷ፣ ከመወጋቱ ግማሽ ሰዓት በፊት ከፍሪጅ ይውጣ፣ ቀዝቃዛው የባሰ ያማል ብላለች። ይህን ለእኔ ባትነግረኝ ጥሩ ነበር።

ጥቅምት 24

ጉድ ነው። ትኩሳት የለም። ካርታው ጠፋ። ዛሬ የከንፈሩን ጨዋታ ሞከርኩበት፣ ገና ሳልጨርስ ጫማው ጆሮዬ ሥር ደረሰ። «ድምፅህን አውጣና ተናገር፣ አንተ ሸዋጅ! የኮምፕሬሰሩን ድምፅ እየሰማሁ ያንተን ላጣው ነው?»

አልሞ መወርወርም ጀመረ።

ኅዳር 2

ራዲያተር አሁን ከእኛ ጋር ይሠራል። ፍሪዘር ውስጥ ጭንቅላቱን ከቶ ይወጣል፣ ምንም አይሆንም። የስጋ ቤቱን ትልቅ ማቀዝቀዣ እንዲጠግን አባዬ ለእሱ ሰጠው። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ የፍሪጅ በር ላስቲክ ስቀይር የኖርኩት ደግሞ ፋኖስ ያዝኩለት። ሞተሩ ሲነሣ ጆሮውን አስጠግቶ «ይሄ ድምፁ ልክ አይደለም፣ ጋዝ ያንሰዋል» አለ። ልክ ነበር። አባዬ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ከታላቅህ ተማር» አለኝ።

እሺ። እማራለሁ።

ኅዳር 4

እሱ መርፌውን አውጥቶ ፊቱን ሊታጠብ ሲሄድ መልሼ ፍሪጅ ከተትኩት። ልክ ሲመለስ አወጣሁት። ሲወጋ ጩኸቱ ሱቅ ድረስ! «ዛሬ ምን ሆነ?» ይላል። እኔ እንጃ።

ኅዳር 6

ነቃብኝ። መርፌውን ብብቱ ውስጥ ይዞ ይዞራል፣ እንቁላል እንደምትታቀፍ ዶሮ። ዶሮ አልኩት። እሱም «ኩኩሉ» ብሎ ሄደ። ሲቀልዱበት ካልተናደደ ምን ዋጋ አለው?

ኅዳር 7

የቤቱን ፍሪጅ ተርሞስታት ወደ ብርዱ መጨረሻ ድረስ አዞርኩት። ሣጥኖቹን ሁሉ ከኋላ ግድግዳው ላይ ለጠፍኳቸው፣ ብርዱ የሚወጣው እዚያ ነው። እስቲ አሁን ብብቱ ያሙቀው።

ኅዳር 9

እማዬ ጠዋት ፍሪጁን ከፍታ «እንቁላሌ! ምነው ድንጋይ ሆነ?» አለች። ሣጥኑን አየሁት። መርፌዎቹም ድንጋይ ሆነዋል፣ ሁሉም፣ እስከ ጥር ያሉት። ትንሽ ደንገጥ አልኩ። ቶሎ ብዬ ተርሞስታቱን ወደ ቦታው መለስኩ፣ መርፌዎቹን ሱቅ ወስጄ ከኮምፕሬሰሩ አጠገብ ደረደርኳቸው። ቀለጡ። ጥርት ያሉ። ደህና ናቸው። ስጋም ይቀዘቅዛል፣ ይቀልጣል፣ ያው ስጋ ነው። ይህን የማያውቅ የፍሪጅ ሰው የለም።

እንቁላሎቹም ቀለጡ። አንዱን ስሰብረው አስኳሉ አልፈሰሰም፤ እንደ ላስቲክ ኳስ ተንከባለለ። የአባዬ ሳህን ላይ አደረግኩበትና ሹካው ሲያመልጠው በሣቅ ሞትኩ።

ኅዳር 10

ተወጋ። እንደ ወትሮው እንኳ አልጮኸም። ይሄን ሁሉ ደክሜ። ከንቱ ቀልድ።

ኅዳር 16

ሠላሳ ስምንት ተኩል። ጉንፋን ነው ይላል አባዬ።

ኅዳር 21

ጉንፋን አይደለም። ካርታው ተመልሷል። ወደ ፍሪዘሩ አይጠጋም። የስጋ ቤቱ ሥራ ወደ እኔ ተመለሰ። ሞተሩ ሥር ጆሮዬን ባስጠጋም የሚያወራኝ ነገር የለም።

ኅዳር 28

ዛሬ ዝም ብዬ «ራዲያተር» አልኩት፣ ከኋላው። ዝም። «ራዲያተር!» ዝም። ቀልድ አልነበረም፣ ፒንሳ እንዲያቀብለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 3 ማታ

ሆስፒታል ነበርን። ዶክተሯ ወረቀቱን ታያለች፣ እሱን ታያለች፣ መልሳ ወረቀቱን ታያለች። «መጀመሪያ ላይ በደንብ ሠርቷል። ከዚያ ቆመ። ለምን?» ከዚያ ወደ አባዬ ዞረች። «አባት፣ አይቆጡኝና መድኃኒቱ በረዶ ሆኖ ያውቃል? አንድ ቀን እንኳ?»

አባዬ ከወንበሩ ተነሣ። «እኔን ነው? እኔ ቤት? ሠላሳ ዓመት ብርድ ስለካ የኖርኩ ሰው!»

«አልጠረጠርኩዎትም። መድኃኒቱ ፕሮቲን ስለሆነ ነው። የሚሠራው በቅርጹ ነው። በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም ቅርጹ አይመለስም፤ እንደ እንቁላል ማለት ነው። ጥጡ የሕዋሶቹ ጆሮ ላይ አይገጥምም።»

«እኔ ቤት እንቁላል እንኳ አይቀዘቅዝም!» አላት አባዬ።

እማዬ አፏን ከፈተች። አባዬ አያት። አፏን ዘጋች። ባሏን በሰው ፊት አታዋርድም።

እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ነበር የማየው። የጆሮ ሥዕል ነው። ቀንድ አውጣ ይመስላል። ለነርሷ «ይሄ ሾርባ ይሆናል?» አልኳት። አልሳቀችም። ራዲያተር፣ «ምን አለች? ምን ትላለች?» እያለ እጄን ይጎትታል። «በርታ አለችህ» አልኩት።

አሁን ሁሉም ተኝቷል። የሱቁን ፍሪዘር ከፍቼ አንድ እንቁላል አስገባሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ። ስሠራ የሚያየኝ የለም፤ ስለዚህ ቀልድ አይደለም።

ታኅሣሥ 4

ቀለጠ። ሰበርኩት። ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆየሁት፣ በእጄ አሸሁት፣ በማንኪያ መታሁት። አልተመለሰም። መጸዳጃ ቤት ጣልኩት።

ታኅሣሥ 13

ከበሩ ኋላ የሰማሁት፦

እማዬ፦ «ለሌላው ሁሉ የሚሠራ መድኃኒት ለእሱ እንዴት እምቢ ይላል? ልጁ እያስመሰለ ይሆን እንዴ?»

አባዬ፦ «ወይ በደንብ አይወጋውም። ይፈራል።»

እማዬ፦ «እንቁላሉ ግን በዚያን ሰሞን...»

አባዬ፦ «ስለ እንቁላል አንዲት ቃል እንዳልሰማ።»

ራዲያተር አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ሽቦ እየላጠ ነበር። አጠገባቸው! ባይሰማቸውም እያያቸው ነው የሚያሙት። ቀና ብሎ ፈገግ አለላቸው።

ልገባ ነበር። በሩን ከፈትኩ። ሁለቱም ዞሩ። «ራት የለም እንዴ?» አልኩ።

ታኅሣሥ 14

ደግሞ ተርሞስታቱ አሮጌ ነው። በራሱም ሊዞር ይችላል። ያጋጥማል።

ታኅሣሥ 15

በራሱ አይዞርም።

ታኅሣሥ 26

በየቀኑ ሲወጋ አያለሁ። ብብቱ ውስጥ ያሞቀዋል፣ ሆዱን ይጠርጋል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ይወጋል። የሚያቃጥለው ግን ያው ነው። የማይሠራም መርፌ ያቃጥላል። «ዛሬ የተሻለኝ መሰለኝ» ይላል። እጁን ኮምፕሬሰሩ በሚያርገበግበው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ «ኮምፕሬሰሩን እሰማዋለሁ፣ ይኸው!» አለኝ። እጁን ከጠረጴዛው አነሣሁበት። ድምፁ ጠፋበት። መልሶ ዘረጋው፤ ፈገግ አለ።

እኔ ነኝ ቀልደኛው ተብዬ?

ጥር 3

ነገ ሆስፒታል። ለዶክተሯ ብቻዋን ስትሆን እነግራታለሁ። ሌላ ሣጥን ትሰጠዋለች። አባዬ ይገድለኛል፣ ይግደለኛ።

ጥር 4 ማታ

ብቻዋን አልነበረችም። ደግሞም ቶሎ ተጀመረ። ደግሞም እኔን ማን ጠየቀኝ?

አለቀ። መድኃኒቱ አልሠራም ተብሎ ተጻፈ። የቀኝ ጆሮው ጭራሽ የለም፣ የግራው ጭላንጭል ነው። ዶክተሯ ራሷ ልታለቅስ ነበር። ወረፋው ለአንዲት ልጅ አለፈ። ኮሪደሩ ላይ ከአባቷ ጋር ተቀምጣለች፣ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ጉንጯ ላይ የራዲያተርን ካርታ ይዛለች። ነርሷ፣ «የተረፈውን መርፌ አምጥታችኋል? አዲሱ እስኪደርስ ለዚች ልጅ እንጀምርላት። በእናንተ ቤት አያያዝ እንተማመናለን» አለች። አባዬ ሣጥኑን ለእኔ ሰጥቶኝ ነበር።

ልጅቷ ሣጥኑን አይታ «ያማል?» አለችኝ።

ተደናቀፍኩ። ኮሪደሩ ያዳልጣል። ሣጥኑ ወደቀ። ወድቆም ግማሹ አልተሰበረም። ረገጥኩት። እንደገና ረገጥኩት፣ አንድም ሳይቀር። እንዲሁ ነው፣ መጣብኝ። የልጅቷ አባት አንገቴን አነቀኝ። ልጅቷ ጮኸች። ነርሷ «አንተ አውሬ!» አለችኝ። አባዬ በሰው ሁሉ ፊት በጥፊ መታኝ፤ በሕይወቱ መትቶኝ አያውቅም። «በታመመ ልጅ ይቀለዳል? በታመመ ልጅ?»

«አዲሱን ስጧት» አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ሁሉም ይጮህ ነበር።

ዶክተሯ ብቻ መሬት ላይ የፈሰሰውን አየች፣ እኔን አየች። ረጅም ጊዜ። ከዚያ የልጅቷን እጅ ይዛ ገባች። በሩ ተዘጋ።

ጥር 5

አባዬ ዕቃዬን ደጅ አወጣው። ራዲያተር መልሶ አስገባው። «ልጅ ነው፣ አባዬ። ቀልዱ አንዳንዴ መጥፎ ይወጣዋል እንጂ ክፉ አይደለም።» ትኩሳት ላይ ሆኖ ነው። አልጋዬን ራሱ አነጠፈው።

ጥር 6

አባዬና እማዬ ለልጅቷ አባት ይቅርታ ሊጠይቁ ሄዱ። ቤቱ ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነበርን። ሱቁን ዘጋሁ። ኮምፕሬሰሩን አጠፋሁ። ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

«ወንድምዬ» አልኩት። ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። «መርፌውን በረዶ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ኅዳር ላይ። ተርሞስታቱን መጨረሻ አዞርኩት። ሁሉም ተበላሸ። መድኃኒቱ ይሠራልህ ነበር።»

ከንፈሬን እያየ ነበር፤ በጣም ተጠንቅቆ፣ ግንባሩን ቋጥሮ። አንድ ጊዜ በእጁ ግራ ጆሮውን ነካ። ከዚያ ፊቱ ፈታ አለ፣ ሳቀ፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ።

«ሂድ አንተ ሸዋጅ! ዛሬ እንኳ አትምረኝም? ነቅቼብሃለሁ። ድምፅህን አውጣና ተናገር!»

ደገምኩት። ጮህኩ። የመደርደሪያው ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ። ጎረቤት ግድግዳውን መታ። ስሜን፣ ኅዳርን፣ መርፌውን፣ እንቁላሉን፣ ሁሉንም ጮህኩለት፣ ጉሮሮዬ ደም እስኪሸት።

ጫማውን ዝቅ አድርጎ በአድናቆት አየኝ።

«አሁንማ ተራቀቅክ» አለኝ። «የአንገትህ ሥር ሁሉ ተገትሯል። እውነት ይመስላል።»